አልጋ ወራሽና መሐላ፤ የልጅ ኢያሱ ከመንግሥት መውረድ ከእንጦጦ ጋራ ሥር ሲመረመር

በኢትዮጵያ ነገሥታት ቤት አልጋ የሚወረስበት ሥርዓት ምን እንደ ነበረ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ከሰሎሞን ዘር የሆነ ይነግሣል» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም አይበቃም። የዘር ሐረግ ማን ሊነግሥ እንደማይገባው ይለይ ነበር እንጂ፥ ከሚገባቸው ብዙዎች መካከል የትኛው እንደሚነግሥ አይወስንም ነበር። ዘውዱ ለበኵር ልጅ ይተላለፍ የሚል በጽሑፍ የጸና ሕግም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አልነበረም። አንዱን ከብዙዎቹ ለይተው ለአልጋ የሚያበቁት ሌሎች ነገሮች ነበሩ፤ እነርሱም የሟቹ ንጉሥ ኑዛዜ፥ የመኳንንትና የሠራዊት መሐላ፥ መሐላውን የሚያጠብቀው ግዝት፥ በመጨረሻም የዘውድና የቅብዐት ሥርዓት ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፊተኞቹ ሦስቱ ተፈጽመው አራተኛው የቀረበትን ታሪክ ነው። ልጅ ኢያሱ የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ፥ በአያታቸው ቃል የተመረጡ፥ መኳንንቱ በመሐላ የተቀበሏቸው፥ የካዳቸው ሁሉ በእርግማን እንዲያዝ የተገዘተላቸው አልጋ ወራሽ ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. ግን የማሉት ሰዎች ራሳቸው ከመንግሥት አወረዷቸው። ይህ ታሪክ በጦርነቱና በፖለቲካው በኩል ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኛን የሚያሳስበን ያን ያህል የጠበቀ መሐላ በምን መንገድ ሊፈታ እንደ ቻለ ነው። (በጽሑፉ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) ነገሩንም የምንከታተለው በተቻለ መጠን ከእንጦጦ ጋራና ከግርጌው ከተዘረጋው ከየካ አገር ቆመን ነው፤ የንግሡ ሥፍራ፥ ከሥልጣን የተገለሉት እቴጌ መኖሪያና ነገሩን በቅርብ ይከታተሉ የነበሩት የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች በዚሁ ጋራ አናትና ግርጌ ይገኙ ነበርና።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአማርኛ መንግሥት «አልጋ» ይባላል። ንጉሥ በችሎትና በግብር ጊዜ በአልጋ ላይ ይቀመጥ ስለ ነበር፥ የመቀመጫው ስም ለሥልጣኑ ስም ሆነ። ስለዚህ «አልጋ ወራሽ» የሚለው ቃል ሰውየውን ከንጉሡ ደም ጋር ብቻ ሳይሆን ከንጉሡ ቦታ ጋር ያያይዘዋል። «እንደራሴ» ከዚህ የተለየ ነው፤ «እንደ እኔ እንደ ራሴ አድርጋችሁ ዕዩት» ከሚል የሹመት ቃል የተገኘ ስለ ሆነ፥ ሥልጣኑ ከሿሚው ፈቃድ እንጂ ከትውልድ አይመነጭም። «ልጅ» የሚለውም ማዕርግ የመሳፍንትና የመኳንንት ልጆች መጠሪያ ነው። ኢያሱ ከአያታቸው ዕረፍት በኋላ የአገሩ ሁሉ ገዥ ሆነው ሳለ በሕዝብ አፍ እስከ መጨረሻው «ልጅ ኢያሱ» ተብለው መቅረታቸው እንዲያው የአጠራር ልማድ ብቻ አይደለም። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወራሹ አስቀድሞ በግልጽ ባልታወቀበት ሥርዓት ውስጥ ለአልጋ የሚበቃ ልዑል ሁሉ ለነገሠው ሥጋት ነው። የጥንቶቹ ነገሥታት ለዚህ ያገኙት መፍትሔ አምባ ነበር። በግሼን አምባ፥ ኋላም በጎንደር ዘመን በወኅኒ አምባ፥ የነገሥታት ወንድሞችና ልጆች ተጠብቀው ይኖሩ ነበር። ንጉሡ ሲሞት ከመካከላቸው አንዱ ወርዶ ይነግሣል፤ ሌሎቹ እዚያው ይቀራሉ። የሸዋ ነገሥታት ቤትም ይህን ልማድ በትንሹ ይዞት ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የንጉሡ ወንድሞች በጎንቾ ታስረው እንደ ነበረና ኋላ እንደ ተፈቱ የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሀሪስ ጽፏል። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ተይዘው ወደ ሰሜን ተወሰዱ፤ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ የተመለሱትም በ1857 ዓ.ም. ነው። ከአልጋ የተገለለ ወራሽ ምን እንደሚመስል ከልጅነታቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ወደ እንጦጦ እንምጣ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደዚህ ጋራ የወጡበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ጋራው ለጦር ምሽግነት ይመቻል። ደግሞም ከግራኝ ወረራ በፊት የነበሩ ነገሥታት ከተማ በዚያ ነበረ የሚል ትውፊት ነበረ፤ በጋራው ላይ የተገኘው የጥንት ፍርስራሽም ለትውፊቱ ማስረጃ ሆኖ ተቈጠረ። በየካ ተራራ ላይ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤልም አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ ብዙ መቶ ዓመት የሚቀድም ነው። ስለዚህ በዚህ ጋራ ላይ መስፈር አዲስ አገር ማቅናት ሳይሆን ወደ አባቶች ርስት መመለስ ሆኖ ይታይ ነበር። የዘር ሐረግ በመሬት ላይም ይነበባል።

በዚህ ጋራ ላይ የተፈጸመው የመጀመሪያው ታላቅ የውርስ ነገር አንድ ወራሽ የታለፈበት ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ሲቈስሉ፥ ቀድሞ የወንድማቸው ልጅ ሆነው ይታወቁ የነበሩትን መንገሻን ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን በሞት አልጋ ላይ ሳሉ አስታወቁ። ኑዛዜ ነበረ፤ ነገር ግን የሸዋና የሌላው አገር መኳንንት ለራስ መንገሻ የማሉት መሐላ አልነበረም፤ ግዝትም አልነበረም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ኑዛዜ ብቻውን ምን ያህል እንደሚመዝን በዚያ ቀን ታየ። የዚህንም ትምህርት ከሁሉ ይበልጥ የተረዱት ምኒልክ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በበኩላቸው ወራሽ ለማቆም በተነሡ ጊዜ ያደረጉት ይህን ይመስላልና።

ዐፄ ምኒልክ ከእቴጌ ጣይቱ ልጅ አልወለዱም። ለአልጋ ሊታሰቡ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ። ሴት ልጃቸው ወይዘሮ ዘውዲቱ የእቴጌይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን ያገቡ ናቸው። ከሌላይቱ ልጃቸው ከወይዘሮ ሸዋረጋ ሁለት የልጅ ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱ ከራስ ጎበና ልጅ ከወዳጆ የተወለዱት ወሰን ሰገድ ሲሆኑ፥ ጤና አጥተው ኖረው በ1900 ዓ.ም. ሞቱ። ሁለተኛው የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ ናቸው፤ በጥር 1887 ዓ.ም. ተወለዱ። ከዚህ ወጣ ሲል ደግሞ የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ አሉ። የራስ መኰንን እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለ ሆኑ፥ የተፈሪም ሐረግ ከዚያው ቤት ይመዘዛል።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውል ያስፈልጋል። ኢያሱ ወደ ነገሥታቱ ቤት የሚገቡት በእናታቸው በኩል ነው፤ ተፈሪም የሚገቡት በአባታቸው እናት በኩል ነው። ስለዚህ «በሴት ሐረግ የመጣ አይነግሥም» የሚል ክርክር በኢያሱ ላይ ቢነሣ በተፈሪም ላይ መነሣቱ ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ በሥጋ የሚቀርቡትም ኢያሱ ናቸው። በትውልድ መንገድ እሳቸውን ማለፍ አይቻልም ነበር።

የምኒልክ ጤና ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ታወከ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው፥ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን ሞግዚትና እንደራሴ አድርገው ለሹማምንቱ አስታወቁ፤ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ነገሩ ለሕዝብ በአዋጅ ተነገረ። በአዋጃቸውም ከእሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ባረፉ ጊዜ ስለ አልጋ የተነሣውን መፋጀት አስታወሱ። መኳንንቱ ማሉ፤ ግዝቱም ወረደ። ለኢያሱ የማይታመን ጥቁር ውሻ ይውለድ የተባለው እርግማን በሕዝብ መካከል እስከ ዛሬ የሚነገር ነው። የዛሬ ተማሪ ይህን እንደ ማስፈራሪያ ቃል ብቻ ሊያየው ይችል ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ግን መሐላ ማለት ርስትና ጋብቻ፥ ዕዳና ዕርቅ ሁሉ የሚጸናበት ማሰሪያ ነበር። በግዝት የታሰረ ሰው ግዝቱን ከጣሰ ከቍርባንና ከመቃብር ቦታ ይለያል። ለዘሩም ይተርፋል። ጽሑፍና ማኅተም ቢጠፉ መሐላው አይጠፋም።

ከዚህ ጋር ጋብቻ ተጨመረ። በዚያው በ1901 ዓ.ም. ኢያሱ ገና ሕፃን የነበሩትን ሮማነወርቅን እንዲያገቡ ተደረገ። ሮማነወርቅ በአባታቸው በኩል የራስ መንገሻ ዮሐንስ ልጅ፥ በእናታቸው በኩል የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ልጅ ናቸው። በአንድ ሰርግ የሸዋና የወሎ ልጅ፥ በ1882 ዓ.ም. ከታለፈው ከትግራይ ቤትና ከእቴጌይቱ ወገን ጋር ተዋሐደ። እንደ ቤተሰብ ጥበብ ብናየው ከዚህ የተሟላ ነገር አይገኝም። ሆኖም ጋብቻው በአጭር ጊዜ ፈረሰ፤ ኢያሱም የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገቡ።

የሚቀጥሉት ዓመታት የመገላለል ዓመታት ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ከሥራ ሲርቁ መንግሥቱን በእጃቸው ይዘው የነበሩት እቴጌ ጣይቱ፥ መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ተባብረው ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁ አደረጓቸው። ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በምትካቸውም ሌላ እንደራሴ ሳይሾም ኢያሱ ራሳቸውን ቻሉ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዕረፍታቸው ግን ለሕዝብ ሳይገለጥ ተሸሸገ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዘውዲቱ ወደ ርስታቸው ወደ ፋሌ፥ እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ እንዲሄዱ ታዘዘ። ባለቤታቸው ዘውድ በጫኑበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፥ አዲስ አበባን ስም ያወጡላት እቴጌ ከተማዋን ከላይ ሆነው እያዩ ተቀመጡ። ጋራው የንግሥ ቦታነቱን ትቶ የመገለያ ቦታ ሆነ። ግሼን አልነበረም፤ በር የሚዘጋ ዘበኛም አልነበረበትም፤ ሥራው ግን ከአምባ ሥራ የራቀ አይመስለንም።

ኢያሱ ሌሎቹን ከቤተ መንግሥት አርቀው ሲያበቁ ዋናውን ነገር ሳያደርጉ ቀሩ። አልነገሡም። አባታቸው ራስ ሚካኤል በግንቦት 1906 ዓ.ም. በደሴ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፥ ልጃቸው የንጉሦች የበላይ ሆነው ሳሉ ያልተቀቡ ነበሩ። የአያታቸው ሞት በይፋ ያልተነገረ መሆኑ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው፤ ያልሞተ ንጉሥ አይተካምና። ወጣቱ ልዑል ከግቢ ሥርዓት ይልቅ ጕዞን መውደዳቸውም ሌላው ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ ትልቅ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። የተቀባ ንጉሥ በሰው ፊት ለፍርድ አይቀርብም። ያልተቀባ አልጋ ወራሽ ግን ይከሰሳል። ኢያሱ እስከ መጨረሻው «ልጅ» ተብለው መቅረታቸው እንዲያው የአጠራር ልማድ አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው።

በ1907 እና በ1908 ዓ.ም. በአውሮፓ የተነሣው ጦርነት ወደ አካባቢያችን ዘለቀ። ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከየካና ከቀበና ወንዝ አጠገብ፥ ዐፄ ምኒልክ ለውጭ አገር መልእክተኞች የሰጧቸው ሰፋፊ ቦታዎች ነበሩ። የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይ፥ የኢጣልያና የመስኮብ ሌጋሲዮኖች እዚያ ነበሩ፤ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ይጠራል። የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የኢጣልያ መልእክተኞች ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላሉ፥ በሱማሌ አገር እንግሊዝን የሚወጋውን ሰይድ መሐመድ ዐብዱላህ ሐሰንን ይረዳሉ ብለው ተነሡባቸው፤ በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያም በአንድነት አቤቱታ አቀረቡ። ይህ የባዕዳን ግፊት ብርቱ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ኢያሱን ያወረዷቸው ሌጋሲዮኖቹ ናቸው የሚለውን አስተያየት አንቀበለውም። የባዕድ መንግሥት ደብዳቤ መሐላ አይፈታም። ለሸዋ መኳንንትም የሚያስፈራቸው የለንደን ቍጣ ሳይሆን ልጅ ኢያሱ የአያታቸውን ሹማምንት እየተዉ በሌሎች መከበባቸው፥ በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ተፈሪን ከአባታቸው አገር ከሐረርጌ ነቅለው ወደ ከፋ መሾማቸው ነበር። ተራው የማን እንደሚሆን እያንዳንዱ ያሰላ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። መኳንንቱ ለማውረድ ፈቀዱ እንበል፤ መሐላውንስ ምን ያድርጉት? በትውልድ መክሰስ አይቻልም፤ ይህን አይተናል። ኑዛዜው የታወቀ ነው። መጥፎ አስተዳደር ቢሉ፥ ግዝቱ አስተዳደር ያሳምር አይያሳምር የሚል ውል የለበትም። የቀረው አንድ በር ሃይማኖት ብቻ ነበር። ፍትሐ ነገሥት ንጉሥ ከምእመናን ወገን እንዲሆን ያዛል፤ መሐላውም የተማለው በወንጌልና በመስቀል ስም ለክርስቲያን ወራሽ ነው። ወራሹ ከሃይማኖት ወጣ ከተባለ መሐላው በማንም ሳይሻር በራሱ ባዶ ይሆናል፤ የማለው ሰው ከዳተኛ መሆኑ ይቀርና የተከዳ ይሆናል። ስለዚህ «ኢያሱ ሰልሟል» የተባለው ክስ ከሌሎቹ ክሶች መካከል አንዱ ሳይሆን፥ ሥርዓቱ የፈቀደው ብቸኛው ክስ ነበር ብለን እንናገራለን። እውነት ቢሆንም ሐሰት ቢሆንም ያለ እርሱ ነገሩ አይፈጸምም ነበር።

ክሱ መነሻ አልነበረውም ማለታችን አይደለም። የአባታቸው ወገኖች የወሎ እስላም ባላባቶች ነበሩ፤ ራስ ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩና በ1870 ዓ.ም. የተጠመቁ ናቸው። ኢያሱ በሐረርና በጅጅጋ ከእስላም ሽማግሎችና ባላባቶች ጋር ተቀራርበዋል፤ ከቤተሰቦቻቸውም በጋብቻ ተሳስረዋል። ይህን የማንነት ለውጥ የሚሉ አሉ፤ እስላሙን ሕዝብ የመንግሥቱ ተካፋይ ለማድረግ የተደረገ ዘዴ ነው የሚሉም አሉ። ከእንጦጦ ግርጌ ያለውን የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ልጅ ኢያሱ መሆናቸውን የሚያስብ ሰው የክሱን ቃል እንዳለ ለመቀበል ይከብደዋል። በጋብቻ መንግሥትን ማስተሣሠርም የአያታቸው ልማድ እንጂ የእሳቸው ፈጠራ አልነበረም፤ እንግዳ የሆነው ጋብቻው የሃይማኖትን ድንበር መሻገሩ ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል ቀን፥ መኳንንቱ፥ ካህናቱና ሠራዊቱ በቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ። አቡነ ማቴዎስ መጀመሪያ አመነቱ፤ ግዝቱ የእሳቸው ነበርና ማመንታታቸው አያስደንቅም። በመጨረሻ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። በእንጦጦ ማርያም ምኒልክን የቀቡት እጆች ከ27 ዓመት በኋላ ለምኒልክ የልጅ ልጅ የተማለውን መሐላ ፈቱ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከአድማው ጋር ባይሆኑ ኖሮ ይህ ቃል ቃል ሆኖ በቀረ ነበር፤ ነገር ግን ጦሩም ያለ ቃሉ ባልተነሣ ነበር። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ራስ ተብለው የተሾሙት ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ።

የቀረውን ጦር ፈጸመው። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ለማስመለስ ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድን ድል አድርገው ገደሉ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን በሰገሌ ተሸነፉና ተማረኩ። ከዚያም ከእንጦጦ በታች በጃንሜዳ በተደረገው የድል ሰልፍ ላይ በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት አለፉ። ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ አልወረዱም፤ ወደ ጎንደር ሄደው እንዲያርፉ ጠይቀው ሳይፈቀድላቸው ቀረ፤ ልክ በዓመቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በበዓታ ከባለቤታቸው አጠገብ ይገኛል።

አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው የተማረው ነገር በግልጽ ይታያል። ንግሥቲቱ ባል እንዳይኖራቸው ራስ ጉግሣ ወሌ ተለይተው ወደ በጌምድር ተላኩ፤ እሳቸውም በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሞቱ፤ ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ በጥር 1913 ዓ.ም. በትግራይ ተያዙና በራስ ካሣ ጠባቂነት በፍቼ ተቀመጡ። በግንቦት 1924 ዓ.ም. አምልጠው ተያዙ፤ የቀድሞ አማታቸው ራስ ኃይሉ በዚህ ምክንያት ተከስሰው ተፈረደባቸው። ከዚያ በኋላ ኢያሱ በሐረርጌ በጋራ ሙለታ ታስረው ኖረው፥ የኢጣልያ ጦር አገሩን በወረረበት በኅዳር 1928 ዓ.ም. ሞቱ። ግሼን ከፈረሰ አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ የመጨረሻው የተገለለ ወራሽ የሞተው በጋራ ላይ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሐረግ በተወለዱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዲጸና ደነገገ። ይህ ድንጋጌ ለዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ብዙ ተመስግኗል። ከውርስ ሥርዓት አንጻር ሲታይ ግን ሐረጉን ወደ ሣህለ ሥላሴ ወደ ኋላ ወስዶ ምኒልክን በመሻገሩ፥ ኢያሱን ስማቸውን ሳያነሣ ለሁልጊዜ ከአልጋ ያስወጣ ነው። መሐላ ያልቻለውን ሥራ ለጽሑፍ ሰጠው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የውርሱን ተራ ይበልጥ አብራራው፤ አልጋ ወራሹም ልዑል አስፋ ወሰን ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ አድራጊዎቹ ልዑሉ በሬድዮ እንዲናገሩ አደረጉ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ደግሞ በስዊስ አገር ታምመው ሳሉ ንጉሥ ብሎ ጠራቸው። ሳይመጡና ሳይቀቡ፥ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ሹመታቸው ከዘውዱ ጋር በአዋጅ ተሻረ።